የግራው ካርቡራተር

«እጁ ይንቀጠቀጣል አሉ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ የገዛ እህቱ ባል ነው።»

ይህን ያለው የመለዋወጫ ዕቃ መደብሩ ባለቤት ነበር፤ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ባንኮኒው ላይ የተደፋ ዘይት በአሮጌ ጋዜጣ እየጠረገ። የሚያዋራው ሰው የዳቦ ቤት ማሽን ጠጋኝ ሲሆን ሁለት መቶ ቡሺንግ፣ የማሽን ዘንግ የሚሽከረከርበት የነሐስ ቀለበት፣ የሚቀርጽለት ቶርኖ ቤት ይፈልጋል። «የእህቱ ባል» የተባለው መካኒክ ደግሞ እዚያው መደብር ውስጥ፣ ከጎማው ክምር ኋላ ቆሞ፣ ሁለት የሞተር ማቀጣጠያ ካንዴላ ከካርቶናቸው አውጥቶ ይመርጣል። እንዳላዩት ገብቶታል። መሳል ይችል ነበር፤ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ብሎ ብቅ ማለትም ይችል ነበር። ግን ካንዴላዋን ማገላበጡን ቀጠለ፣ ወርቅ የሚገዛ ይመስል።

«ድሮ ይህን ሥራ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር ለእሱ የምሰጠው» አለ ባለመደብሩ። «አሁን ግን መጠጥም ጀምሯል ይባላል። አማቹ እንዲህ ካለ እኛ ምን እንላለን? እስከ ማምሻው ታገሠኝ፣ ሌላ ሰው እፈልግልሃለሁ።»

መጠጥ! ከመካኒኩ አፍ መጠጥ የሚል ቃል አልወጣም። እጁ ይንቀጠቀጣልም አላለም። ታዲያ ምን ነበር ያለው? መጀመሪያ «ዛሬስ እጁ ሳተ» አለ። ቀጥሎ «ምን እንደነካው እንጃ» አለ። ሦስተኛው ጊዜ፣ የዛሬ አሥር ቀን፣ እዚሁ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ፣ አምስት ሰው በተሰበሰበበት፣ «የሚስቴ ወንድም ከእንግዲህ የበር መቀርቀሪያ ይሥራ» ብሎ ሰውን አሳቀ። የሳቁት ሰዎች ቀልዱን ይዘው ወጡ፤ እያንዳንዱም በየደረሰበት ትንሽ ትንሽ ጨመረበት፤ ይኸው ዛሬ ጠዋት ቀልዱ አድጎ፣ ሰክሮ፣ እየተንገዳገደ ተመልሶ መጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይሄ ነው። መካኒኩ ባለመደብሩ ወደ ጓዳ እስኪገባ ጠብቆ ሁለቱን ካንዴላዎች ወደ ቦታቸው መለሰና እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ ወጣ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ይህን መካኒክ ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ጆሮ» በሚል ቅጽል ስም ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሱት ሚስቱና የመታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ናቸው ማለት ይቻላል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞተር ሳይክል ጠግኗል። በጉብዝናው ጊዜ በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ በማዶ መንገድ የሚያልፈውን ሞተር ሳይክል ሳያይ «የዚህ ሰውዬ ሰንሰለት ላልቷል» ይል ነበር፤ ሰዎች ሮጠው ባለቤቱን አስቁመው ሲያዩት እውነትም ላልቶ ይገኛል። ሌሎቹ ጋራዦች አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለውን ካርቡራተር ሁለት ሲሆን እኩል ለማስተካከል መርፌ ያለው መለኪያ ገዝተዋል። የእሱ መሣሪያ ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ ናት። አንዱን ጫፍ ካርቡራተሩ አፍ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ያደርግና አየሩ ሲሳብ የሚያሰማውን ፉጨት ያዳምጣል፤ የግራውና የቀኙ ፉጨት አንድ እስኪሆን ድረስ ብሎኗን በካቻቢቴ ሩብ በሩብ ያዞራል። «መለኪያ ይበላሻል፣ ጆሮ አይበላሽም» ማለት ይወዳል። ከሌላ ከተማ ሳይቀር ሞተራቸውን በፒክአፕ ጭነው የሚመጡለት በዚህ ነው እንጂ በጋራዡ ስፋት አይደለም፤ ጋራዡማ ሦስት ሞተር ሳይክል ከገባበት አራተኛው ደጅ የሚያድር፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ፣ ከኋላው ካለው መኖሪያ ቤቱ በአንድ የቆርቆሮ በር ብቻ የተለየ ክፍል ነው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የአዋላጇ ሞተር ሳይክል ናት። አዋላጇ ከአባቷ የወረሰቻት፣ በዕድሜ ከራሷ የምትበልጥ፣ ሁለት ሲሊንደርና ሁለት ካርቡራተር ያላት አሮጌ ሞተር። ከኮርቻዋ ሥር ለሁለቱም ካርቡራተሮች አየር የሚያጣራው የቆርቆሮ ሳጥን ዝገት በልቶት እንደ ወንፊት ሆኖ ነበር፤ ምትክ ቢፈለግ የለም። ስለዚህ መካኒኩ ሳጥኑን ጥሎ ለእያንዳንዱ ካርቡራተር አንዳንድ ሾጣጣ ማጣሪያ እንዲገባ መከራት። የአንዱ ማጣሪያ ዋጋ የጋራዡን የወር ኪራይ ሩብ ያህላል፤ እሷ ሳትከራከር ገዛች። «እንደ ወጣት ነው የምትተነፍሰው፣ ታያለሽ» አላት። እውነቱን ነበር፣ ተነፈሰች፤ ግን አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ባለበት ቀረና ሞተሯ በደረቁ ማሳል ጀመረች፤ ካንዴላዋ ሲወጣ እንደ ጠመኔ ነጭ። ቤንዚኑ የሚያልፍባት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ያላት ትንሽዬ ናስ፣ ጅግለር የሚሏት፣ በትንሹ መስፋት ነበረባት። ለዚህ ዕድሜ ሞተር ጅግለር የሚሸጥ ሱቅ ስለሌለ ከናስ አስቀርጾ ማስበሳት ግድ ሆነ፤ ይህን የሚችል ደግሞ በአካባቢው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ባለቶርኖው። ፀጉር ለሁለት ይሰነጥቃል የሚባልለት፣ ቃል ከአፉ በጉጠት የሚወጣ ዝምተኛ ሰው።

ባለቶርኖው ጥንዱን ሠርቶ አመጣ። ደረቁ ሳል ወዲያው ጠፋ። ነገር ግን ሞተሯ ወባ እንደያዘው ሰው ትንዘፈዘፋለች፤ በግራው የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታ በሚሉት፣ ታጨሳለች፣ በቀኙ ትተኩሳለች። መካኒኩ ቀኑን ሙሉ በቱቦው እያዳመጠ ብሎኖቹን ሲያዞር ዋለ፤ ፉጨቱ እኩል ነው፣ ሞተሯ ግን አልተረጋጋችም። ፉጨቱ እኩል ከሆነ ጥፋቱ የቀዳዳው መሆን አለበት፤ የግራው ሰፍቷል፣ የቀኙ ጠብቧል ብሎ ፈረደ። ባለቶርኖው ጅግለሮቹን መዳፉ ላይ አድርጎ ትንሽ አያቸውና ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አቀያይረህ ሞክረሃል?» አለው። «አንተ ደግሞ ልታስተምረኝ ነው?» አለ መካኒኩ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ጥንድ መጣ፤ «ይሄማ ከመጀመሪያውም ይብሳል» ተባለ። ደግሞ ሦስተኛ ጥንድ መጣ። ያኔ እንኳ አቀያይሮ አልሞከረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ጎበዝ መካኒክ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል።

ዛሬ ከመደብሩ እንደተመለሰ ግን በቀጥታ ወደ ሞተሯ ሄዶ ማጣሪያዎቹን አወለቀና ጅግለሮቹን አቀያየራቸው። ሐቀኝነት ይዞት አይመስላችሁ። ተናዶ ነው። የግራው ጭስ ከጅግለሩ ጋር ወደ ቀኝ ሲዞር በዐይኑ ለማየትና «ያልኩት ልክ ነው፣ ሌላውን የጨመሩት እነሱ ናቸው» ለማለት ፈልጎ ነው። አስነሳት። ጭሱ በግራው በኩል እንደነበረ ቀጠለ። አጥፍቶ እንደገና አስነሳት። በግራው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ እጁ ከነጻ በኋላም መጥረጉን አላቆመም። ጅግለሮቹ ንጹሕ ናቸው። ሁለት ወር ሙሉ የሰው ስም በከንቱ አቆሽሿል። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ «ይህን ማን አየ?» የሚል ነበር፤ ዘወር ብሎም በሩን አየ። ማንም አልነበረም። ማንም ባለመኖሩ ደስ ማለቱ ራሱ ይበልጥ አሳፈረው።

ምሳ ሰዓት ሲሆን የቆርቆሮውን በር ገፍቶ ወደ ቤት ገባ። አንድ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የፕላስቲክ ልብስ የለበሰ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር። ሦስተኛው ወንበር የባለቶርኖው ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ቶርኖውን ዘግቶ ምሳ አብሯቸው ይበላ ነበር። ከቀረ ስድስት ሐሙስ ሆኖታል፣ ዛሬ ሰባተኛው ነው፤ አሁን ወንበሩ ላይ ያልተተኮሰ ልብስ ተከምሯል። ሚስቱ ሾርባውን ቀዳችለት፣ ዳቦውን ቆረሰችለትና በቀኙ በኩል ተቀመጠች። የሳሙና ዋጋ እንደገና መጨመሩን ነገረችው። የጎረቤት ልጅ መስኮት መስበሯን ነገረችው። ለሁሉም «እህ» አለ። በልቡ ግን የመደብሩ ወሬ ይመላለስበት ነበር።

«ወንድምሽን አይተሽዋል?» አላት በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል?»

ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ይህን ያህል ዘመን የኖሩ ሰዎች ዝምታ ብዙ ዓይነት ነው። የድካም ዝምታ አለ፣ የኩርፊያ አለ፣ የሰላምም አለ። የዛሬው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተው። ሾርባዋን በማንኪያ ታማስላለች እንጂ አትጠጣም። እንድትሰድበው ተመኘ። ወንድሜን በአደባባይ አዋረድከው ብትለው «ተሳስቼ ነው» ለማለት በር ይከፈትለት ነበር፤ ሰው ካልከሰሰው ጥፋቱን የማያምን ሰው ሆኖ መገኘቱ ግን ያን ጊዜ አልታየውም። ሳህኑን ገፋና «ጠገብኩ» ብሎ ተነሳ።

አዋላጇ የመጣችው ከቀትር በኋላ፣ ከሥራ ስትወጣ ነው። የአርባ ዓመት ገደማ ሴት ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራ እንኳ የምትቀልድ፣ ሰው ስታናግር ዐይን ዐይን የምታይ። «እህ ጋሼ፣ ምጡ ገና ነው?» አለችና አሮጌ ባትሪ ላይ ተቀመጠች። መካኒኩ ሳቅ ብሎ «ቆይ ሲስተር፣ ዛሬ አንድ ነገር አገኛለሁ» አለ። ኮርቻዋን አውልቆ፣ እንደ ጋላቢ ከኋላ ተቀምጦ፣ ሞተሯን አስነሳና ቱቦውን አነሳ። ወደ ቀኝ አዘንብሎ የቀኙን አዳመጠ። ወደ ግራ አዘንብሎ የግራውን አዳመጠ። ፉጨቱ እኩል ነው። እኩል! ታዲያ ይህች ከይሲ ለምንድን ነው የምትንቀጠቀጠው?

«ጋሼ፣» አለች አዋላጇ ሞተሯን አጥፍቶ ቀና እስኪል ጠብቃ፣ «ጆሮዎን ለምን ይቀያይራሉ?»

«ምን አልሽ?»

«የዚህኛውን በዚህ ጆሮ ሰሙ፣ የዚያኛውን በዚያ። እኛ ስንማር የፅንስ ልብ የምናዳምጥባት ጥሩምባ የምትመስል እንጨት ነበረችን። አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ የምታዳምጥን ተማሪ አስተማሪያችን ከክፍል ታስወጣ ነበር። የሰው ሁለት ጆሮ እኩል አይሰማም ትል ነበር።»

መካኒኩ ደሙ ወደ ፊቱ ወጣ። «ሲስተር፣ አንቺ ልጅሽን አዋልጂ፤ የሞተሩን ለእኔ ተይልኝ» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ። አዋላጇ አልተቀየመችም፤ ወይም ተቀይማ አላሳየችም። «እሺ ጋሼ፣ ውሃ ልግዛ» ብላ ወደ ሱቅ ሄደች። ሩቅ መሄዷን እስኪያረጋግጥ ጠበቀ። ከዚያ ሞተሯን አስነሳና ቱቦውን በቀኝ ጆሮው ላይ እንዳለ ይዞ፣ አንገቱን እንደ ዶሮ ጠምዝዞ፣ ሌላውን ጫፍ ግራው ካርቡራተር ላይ አደረገ።

ፉጨት አልነበረም፤ ጩኸት ነበር። የግራው ካርቡራተር ከቀኙ እጥፍ ይስባል። እዚያው ሳያንቀሳቅስ ቱቦውን ወደ ግራ ጆሮው አዛወረው፤ ጩኸቱ ከሩቅ እንደሚፈላ ውሃ ሆኖ ቀጠነ። ወደ ቀኝ ጆሮው መለሰው፤ ጮኸ። ወደ ግራ፤ ቀጠነ። ነገሩ ገባው። የግራ ጆሮው ስላልሰማ የግራው ካርቡራተር የደከመ እየመሰለው፣ ከቀኙ ጋር እኩል እንዲሰማው ሲከፍተው፣ ሲከፍተው ኖሯል። ሁለት ወር ሙሉ ያስተካከለው የራሱን ሁለት ጆሮዎች ነው። ካቻቢቴውን አንስቶ የግራውን ብሎን መለስ አደረገ፤ በቀኝ ጆሮው ብቻ እያዳመጠ አንድ ዙር፣ ሩብ፣ ሌላ ሩብ። መንዘፍዘፉ ቆመ። ጭሱ ሳሳ፣ ጠፋ። ሞተሯ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ እኩል መምታት ጀመረች። በሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራው እንደዚህ ጥሩ የተስተካከለ ሞተር እንደዚህ አስከፍቶት አያውቅም።

አዋላጇ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ስትመለስ ከበሩ ላይ ቆማ አዳመጠች፤ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆነ። «ጋሼ! ይኼ እኮ የአባቴ ሞተር ድምፅ ነው!» አለች። ዞራ አየቻት፣ እጇን ታንከሯ ላይ አሳረፈች። «የአሁኑ ጅግለር ተስማማት ማለት ነው? የቶርኖው ሰውዬ እጅ ተመለሰለት በሉኛ!»

በሩ ይኸው፣ ወለል ብሎ ተከፈተለት። «አይደለም፣ ልክ ነሽ፣ ጆሮዬ ነው» ማለት ነበረበት። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ግን ጆሮው የሞተበትን መካኒክ ነገ ማን ይፈልገዋል? ከሌላ ከተማ ፒክአፕ ተከራይቶ ወደ ማን ይመጣል?

«አዎ፣» አለ መካኒኩ። «ተስማማት።»

አመስግናው፣ ኮርቻዋን አስገጥማ፣ ከፍላ ሄደች። እሱ በራፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ውሸት ከዚህ በፊትም ዋሽቷል፤ መካኒክ ነው፣ «ነገ ይደርሳል» ብሎ የማያውቅ መካኒክ የለም። ይህ ግን ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ሳያውቅ የተናገረውን አሁን እያወቀ ደገመው። «እጁ ተመለሰለት» ስትል አዎ ብሎ እጁ ሄዶ እንደነበር መሰከረበት። ወደ ውስጥ ገባና በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ። መንገዱ ጠፋ። መኪናው፣ የልጆቹ ጫጫታ፣ የብየዳ ቤቱ መዶሻ፣ ሁሉም ከግድግዳ ወዲያ ሄደ። መዳፉን አነሳ፤ ተመለሱ። ስንት ሞተር እንዲህ አበላሽቷል? ስንት ሰው በእሱ ጥፋት ሌላውን ረግሟል? ከሁሉም በላይ ግን ያ «እስከ ማምሻው ታገሠኝ» የሚለው የባለመደብሩ ቃል ደጋግሞ መጣበት። ሁለት መቶ ቡሺንግ ለባለቶርኖ የሁለት ወር ሥራ ነው። የሰው እንጀራ ዘግቶ እራት መብላት እንዴት ይቻላል? ሰዓቱን አየ፤ አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ። ቱታውን ሳይቀይር ወጣ።

መደብሩ ውስጥ ባለመደብሩ አለ፣ የዳቦ ቤት ማሽን ጠጋኙም መልስ ለመስማት ተመልሷል፤ ሁለት የሰፈሩ መካኒኮች ደግሞ የጎማ ክምር ላይ ካርቶን ዘርግተው ዳማ ይጫወታሉ። «ኧረ ጆሮ መጣ!» ተባለ። መካኒኩ ሰላም ሳይል፣ ገና ከበሩ ላይ፣ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በአንዴ እንደሚገባው፣ «የአዋላጇ ሞተር ጅግለሩ ምንም አልነበረበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚስቴ ወንድም እጅ ደህና ነው፣ መጠጥም አይጠጣም» አለ።

ከዚያ ባለመደብሩ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ። «አያችሁ ዝምድና? እንዲህ ነው እንጂ! ለአማቹ ሲል ጥፋቱን ተሸከመለት። አንተ፣ ለዚህ ሰው ሻይ አምጣለት!» አለ ወደ ጎረቤት ሻይ ቤት እየጮኸ። አንደኛው ዳማ ተጫዋች ተነስቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ «ትልቅ ሰው ነህ» አለው። ሻዩ መጣ። መካኒኩ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። ተናግሯል እኮ፤ አላመኑትም እንጂ ተናግሯል። ይኸው ነውሩን ሊያወጣ መጥቶ ክብር ተጨመረለት። ሻዩን አንዴ ጠጣለት፤ ጣፈጠው። በኋላ፣ ያን ቀን ባሰበ ቁጥር፣ ከሁሉም በላይ የሚያሸማቅቀው ያ ሻይ መጣፈጡ ነው።

«መልካም ነው፣ ዝምድና ደስ ይላል» አለ የዳቦ ቤት ማሽን ጠጋኙ። «ግን ሁለት መቶ ቡሺንግ በይሉኝታ አይሰጥም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ወደ ሌላው እሄዳለሁ።»

መካኒኩ ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «ግራ ጆሮዬ ሞቷል» አለ። ሳቁ። «ጆሮ» የተባለ ሰው ጆሮ የለኝም ቢል የማይስቅ ማን አለ? «የግራውን ካርቡራተር በማይሰማ ጆሮ እያዳመጥኩ ነው እሱን የሰደብኩት። ካላመናችሁ ፈትኑኝ» አለና ዐይኑን ጨፍኖ፣ ቀኝ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ፣ ግራውን ወደ ባለመደብሩ አዞረ። በጨለማው ውስጥ ቆየ። ምንም የለም። ጥቂት ጠብቆ «በል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለ፤ ያም ምንም አላመጣ። ዐይኑን ሲገልጥ ባለመደብሩ ከፊቱ አንድ ስንዝር ላይ ነበር፤ ፈገግታው የለም። ዳማ ተጫዋቾቹ ካርቶኑን ያያሉ።

«ሦስት ጊዜ ጠራሁህ እኮ» አለ ባለመደብሩ ቀስ ብሎ።

ሥራው ለባለቶርኖው ተሰጠ። የዳቦ ቤት ማሽን ጠጋኙ ናሙናውን ከኪሱ አውጥቶ «አንተው አድርስለት» ብሎ ሰጠው። መካኒኩ ቡሺንጓን በመዳፉ ጨብጦ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ቶርኖ ቤቱ ደረሰ። ባለቶርኖው ማሽኑን አጥፍቶ የናስ ፍቅፋቂ በብሩሽ ይጠርግ ነበር። ያረፈ ቶርኖ ያለበት ቤት ቀዝቃዛ ነው፤ ጥጉ ለሌላ ሰው የተከራየ ይመስላል፣ የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሮበታል። መካኒኩ ናሙናዋን ማሽኑ ላይ አስቀመጠና የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ሲጀምር እየተንተባተበ፣ ሲጨርስ እየተጣደፈ። ባለቶርኖው መጥረጉን አላቆመም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ጆሮህን። ዓመት አልፎታል እኮ ጋሼ። በግራህ ስጠራህ አትሰማም። ጅግለሮቹንም ለክቻቸዋለሁ፤ ሁለቱ ልዩነት የላቸውም። ሁለተኛና ሦስተኛ ጥንድ የምትለው የለም። የመጀመሪያውን ነው በቤንዚን አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ሁለቴ የመለስኩልህ።»

መካኒኩ «ከመጀመሪያውም ይብሳል» ያለበት ቀን ትዝ አለው። መሬት ብትከፈት በደስታ ይገባ ነበር። «ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?» አለ።

ባለቶርኖው ብሩሹን ሰቀለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኑን አየው። «እህቴ ናት ቻለው ያለችኝ። አቀያይረህ ሞክር ያልኩህ ቀን ሄጄ ነገርኳት፤ ጅግለሩ ልክ ነው፣ ጆሮው ነው፣ ንገሪው አልኳት። አለቀሰችብኝ። ‹አንተ እጅ አለህ፤ እሱ ያለው ጆሮው ብቻ ነው፤ ለእኔ ስትል ቻለው› አለችኝ። ቻልኩት። መጠጥ የተባለ ቀን ግን ከበደኝ።» ናሙናዋን አንስቶ በመብራቱ በኩል አያት። «ለዚህ አመሰግናለሁ። አሁን ሂድ ጋሼ፣ ልዘጋ ነው።»

ቤት ሲደርስ ገና አልጨለመም። ሚስቱ በግቢው ካለው ገመድ ላይ የደረቀ ልብስ እያወረደች ታጥፋለች። ከፊት ለፊቷ ቆመ። ወንድሟ ዘንድ እንደነበረ ነገራት። መደብሩ ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት ስለ ጆሮው እንደተናገረ፣ ተፈትኖም እንዳዩት ነገራት። ደስ የሚላት መስሎት ነበር፤ ከትከሻዋ ሸክም የሚወርድ መስሎት ነበር። እሷ ግን የያዘችውን ሸሚዝ ደረቷ ላይ እንደ ጨበጠች ቀረች።

«ለሁሉም ነገርካቸው?»

«ለሁሉም።»

«ዛሬ ነው ያወቅከው?»

«ዛሬ ከቀትር በኋላ።»

«እና በዚያው ቀን ተናገርከው» አለች። «ያን ያህል ቀላል ነበር? አንድ ቀን እንኳ አልሞላህም! ታዲያ እኔ አንተን ላተርፍ ብዬ ወንድሜን ሁለት ወር ያዋረድኩት ለምኑ ነው?»

መካኒኩ እጁን ዘርግቶ ሸሚዙን ተቀበላትና ማጠፍ ጀመረ። እሷ መልሳ ከእጁ ነጠቀችው።